«ብዙኃኑ ኀ» የት ነው ያለው? የፊደል ለቀማና የጀማሪ መመሪያ ታሪክ

ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ከቀላል ባቡሩ ወርዳችሁ ትንሽ ስትራመዱ «ኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ማመልከቻ እንጽፋለን» የሚሉ ጠባብ ጠባብ ቤቶች ታገኛላችሁ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ በር ላይ ደግሞ ተራ የሚጠብቁ ባለጉዳዮች። ባለፈው እኔም አንድ ማመልከቻ ላስጽፍ ገብቼ ስጠብቅ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከፊቴ የነበሩት ሽማግሌ ስማቸውን እያስጻፉ ነበር። ጸሐፊዋ ወጣት ናት፤ ጣቶቿ ይበርራሉ።

«የአባትዎ ስም ማን ልበል፣ አባባ?»

«ኃይሉ።»

ጻፈች። ሽማግሌው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ስክሪኑን አዩት። «ኧረ ልጄ፣ ይሄ እኮ ሃሌታው ነው። በብዙኃኑ አድርጊልኝ። መታወቂያዬ ላይ በብዙኃኑ ነው ያለው። በዚችው በአንድ ፊደል የተነሳ ስንቴ ተመላልሻለሁ መሰለሽ!»

ልጅቷ ትንሽ ደንገጥ አለች። «እሱ ፊደል የት እንዳለ አላውቀውም አባባ» አለች። ከኮምፒውተሩ ጎን፣ በፎቶ ኮፒ ብዛት የደበዘዘ የፊደል ሰንጠረዥ ተለጥፏል። በጣቷ ከላይ እስከ ታች ፈለገች፤ አላገኘችውም። በመጨረሻ ኢንተርኔት ላይ ያ ፊደል ያለበት ጽሑፍ ፈልጋ፣ አንዷን ፊደል ቀድታ ለጠፈች። ሽማግሌው ከፈሉ፣ መረቁ፣ ሄዱ።

እኔ ግን ዓይኔ ሰንጠረዡ ላይ ቀረ። እስቲ አስቡት፦ ልጅቷ በቀን ብዙ ገጽ የምትጽፍ ባለሙያ ናት። ፊደሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። መመሪያውም ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ሦስቱም እዚያው አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው ለምን አልተገናኙም?

ይሄ ጥያቄ የኮምፒውተር ዘመን ጥያቄ ይመስላል። አይደለም። ፊደላችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከማተሚያ ጋር ከተገናኘበት ቀን ጀምሮ፣ ከ500 ዓመት በላይ አብሮን የኖረ ጥያቄ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሮም፣ 1513

በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ካህን ሮም ይኖር ነበር። አንድ ቀን የኢትዮጵያ መነኮሳት ሲዘምሩ ሰማና ልቡ ተነካ። ቋንቋውን ግን «ከለዳዊ» ነው ብሎ ነበር ያሰበው። የሰማው ግዕዝ ነው። አባ ቶማስ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ አስተማሩት፤ በ1513 መዝሙረ ዳዊት በግዕዝ ሮም ላይ ታተመ። በፊደላችን የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይሄ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፖትከን መዝሙሩን ብቻ አትሞ ዝም አላለም። የፊደል ገበታ አብሮ አተመ፤ እያንዳንዱ ፊደል እንዴት እንደሚነበብ የሚያሳይ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መጽሐፉን የሚገዛው አውሮፓዊ አንድም ፊደል አያውቅም። ስለዚህ በፊደላችን የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ ከነጀማሪ መመሪያው ነው የወጣው ማለት ይቻላል። መመሪያውን ያዘጋጀው ሰውዬ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በፊት እሱ ራሱ ጀማሪ ነበር። ይቺን ነገር ያዟት፤ ወደኋላ እንመለስባታለን።

ማንበብ የማይችል ለቃሚ፣ መልቀም የማይችል አንባቢ

ከ35 ዓመት በኋላ እዚያው ሮም ሌላ ሥራ ተጀመረ። አባ ተስፋ ጽዮን የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነበሩ። የግራኝ አህመድ ጦርነት አገሩን ባመሰበት ዘመን ወጥተው፣ ሮም ውስጥ ኢትዮጵያውያን በሚያርፉበት በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ተቀመጡ። ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው አዲስ ኪዳንን በግዕዝ በ1548 እና በ1549 አሳተሙ።

የዚያን ጊዜ ኅትመት እንዴት እንደሚሠራ ካላወቃችሁ የነገሩ ክብደት አይገባችሁም። እያንዳንዱ ፊደል በእርሳስ የተቀረጸ ትንሽ ቁራጭ ነው። ሠራተኛው በትንንሽ ክፍሎች ከተከፋፈለ ሳጥን ውስጥ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለቀመ ይደረድራል፤ ለዚህም ነው በእኛ አገር ማተሚያ ቤት ሠራተኛው «ፊደል ለቃሚ» የተባለው። በዚያ ላይ ቁራጮቹ እንደ ማኅተም የተገለበጡ ናቸው። 33ቱን ፊደል በ7 ብታባዙት 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹንና ቁጥሮቹን ጨምሩበት። አሁን ደግሞ ለቃሚው ፊደሉን ፈጽሞ የማያውቅ ጣሊያናዊ ነው እንበል። «ሰ» እና «ሰ»ን የምትመስለው «ስ» ለሱ ምን ልዩነት አላቸው?

ስሕተቱ በዛ። አባ ተስፋ ጽዮንና ባልንጀሮቻቸው በመጽሐፉ ውስጥ አንባቢን ይቅርታ ጠየቁ። ሐሳባቸው በአጭሩ እንዲህ ነበር፦ የሚለቅሙት ሰዎች ማንበብ አይችሉም፤ ማንበብ የምንችለው እኛ ደግሞ መልቀም አናውቅም፤ ዕውር ዕውርን እንደሚደግፍ ተደጋግፈን ሠራነውና በጥብቅ አትፍረዱብን።

እኔ ይሄን ሳነብ ልደታ ያለችው ልጅ ትዝ አለችኝ። ሽማግሌው ፊደሉን በስሙ ያውቁታል፤ ቁልፉን አያውቁም። ልጅቷ ቁልፎቹን ታውቃለች፤ የፊደሉን ስም አታውቅም። በመካከላቸው ያለው ወረቀት ሁለቱን ማገናኘት ነበረበት። አላገናኘም።

የኔታ ያወቁት ነገር

«ብዙኃኑ ኀ» የሚለው አጠራር ራሱ ከየት መጣ? ከቄስ ትምህርት ቤት ነው። በንግግራችን አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው ፊደሎች ስላሉ የድሮ መምህራን ለእያንዳንዳቸው ስም አወጡላቸው፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ። አልፋው አ፣ ዓይኑ ዐ። ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ።

ይሄ ተራ ቅጽል ስም እንዳይመስላችሁ። ብልህ የማውጫ ዘዴ ነው። ፊደሉ በቁጥር አልተጠራም፤ በቅርጹም አልተጠራም። የተጠራው ተማሪው ፊደሉን በሚያገኝበት ቃል ነው። «ንጉሥ» ስትጽፍ የምታገኘው ሠ፣ «እሳት» ስትጽፍ የምታገኘው ሰ። ስሙን ካስታወስክ የት እንደምትጠቀምበትም አብረህ አስታወስክ ማለት ነው።

የኔታ ሌላም ዘዴ ነበራቸው። ተማሪው በስንደዶ እየጠቆመ ሀሁን ከቆጠረ በኋላ፣ አቡጊዳ ይመጣል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ ቅደም ተከተሉ ይዘበራረቃል። ለምን? ልጁ ዜማውን ብቻ ሸምድዶ እንደሆነ ወይስ ፊደሉን በእርግጥ ለይቶት እንደሆነ ለማወቅ ነው። ዛሬ በዘመናዊ አነጋገር «መመሪያውን በተጠቃሚ ላይ ፈትን» የምንለው ማለት ነው።

በ20ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ የፊደል ገበታውን በወረቀት እያተሙ አሠራጩት። ብዙ አያቶቻችን ማንበብ የጀመሩት በሱ ነው። ይህ ገበታ በአማርኛ ከተሠሩት የጀማሪ መመሪያዎች ሁሉ ብዙ ሰው ያስተማረው ይመስለኛል። ምሥጢሩ ምንድን ነው? መጀመሪያ ምን ማየት እንዳለባችሁ መጠየቅ አያስፈልጋችሁም። ከላይ፣ ከግራ ትጀምራላችሁ። በቃ።

ከእርሳስ ወደ ቁልፍ

አዲስ አበባ ውስጥ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1921 ያቋቋሙት ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የፊደል ለቃሚዎች ትልቅ ትምህርት ቤት ሆነ። እዚያ ችግሩ የሮሙ ዓይነት አልነበረም፤ ለቃሚው ማንበብ ይችላል። ሙያው ከባለሙያ ወደ ተለማማጅ በዓይንና በእጅ ይተላለፍ ነበር። አጠገብህ የሚጠየቅ ሰው ካለ ወፍራም መመሪያ አያስፈልግህም።

የጽሕፈት መኪና ሲመጣ ግን ጸሐፊው ከመኪናው ጋር ብቻውን ቀረ። የጽሕፈት መኪና ቁልፎች ከ50 አይበልጡም፤ እያንዳንዱ ቢበዛ ሁለት ምልክት ይይዛል። ከ231 በላይ ፊደል እዚያ ላይ እንዴት ይገባል? እንደ መሐንዲስ አያና ብሩ ያሉ ሰዎች በዚህ ጥያቄ ደክመዋል። የተገኘው መፍትሔ ፊደሉን ከቁርጥራጭ መገጣጠም ነበር፦ መጀመሪያ ግንዱን፣ ቀጥሎ ቅጥያውን መምታት። መልኩ አያምርም፤ ግን ሠራ።

በ1980ዎቹ የግል ኮምፒውተር ሲስፋፋ እንደ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ፊደሉን ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ጀመሩ። እንቅፋቱ ይሄ ነበር፦ የዚያን ጊዜ አንድ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ ከዚያም ላይ ብዙው አስቀድሞ ተይዟል። ስለዚህ ፊደላችን ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት ተከፋፈለ። እያንዳንዱ ሶፍትዌር ደግሞ የራሱን አከፋፈል ይዞ መጣ። በአንዱ የተጻፈውን በሌላው ስትከፍቱት ገጹ ሙሉ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። የጽሕፈት ቤቶቹ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ሰንጠረዥ በብዛት የዚያ ዘመን ልጅ ነው፤ ለአንድ ሶፍትዌር የተዘጋጀ፣ ከሌላው ጋር የማይግባባ።

በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» የተባለ ሥርዓት አዘጋጁ። አማርኛን በላቲን ፊደል ለመጻፍ አንድ ወጥ ደንብ ነው፦ ኤልን ብቻ ብትመቱ ል፣ ኤልና ኢ ለ፣ ኤልና ዩ ሉ፣ ኤልና አይ ሊ፣ ኤልና ኤ ላ ይሆናል። ሰንጠረዥ መሸምደድ ቀረ፤ ድምፁን ማወቅ ይበቃል። ዛሬ ብዙዎቻችን የምንጽፍባቸው የድምፅ ቁልፍ ሰሌዳዎች የዚህ አስተሳሰብ ዘመዶች ናቸው።

ግን ተመልከቱ፤ ድምፅን ብቻ ከተከተልን ድምፃቸው አንድ የሆኑት ፊደሎች ይጋጫሉ። ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስቱም የኤችን ቁልፍ ይሻማሉ። ደንቡ ይሄንንም አስቦበታል፤ ለምሳሌ በአንዳንድ ሰሌዳዎች ኤችን ሁለት ጊዜ ስትመቱ ብዙኃኑ ይመጣል፣ ትልቁን ኤች ስትመቱ ሐመሩ። ይሄን ያልነገሩት ሰው ግን ሁልጊዜ በቀላሉ በሚመጣው ሃሌታው ይጽፋል። አያችሁ? መመሪያው ለጀማሪ በማይገኝበት ቦታ ሲቀመጥ፣ የሰው ስም አጻጻፍ ራሱ ይለወጣል። ሽማግሌው የተመላለሱት በዚህ ነው።

በ1999 ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ ለፊደላችን 345 ቦታ ሰጠው። እያንዳንዱ ፊደል በዓለም ዙሪያ አንድ ቋሚ ቁጥር አገኘ። ትልቁ የቴክኒክ ችግር በዚህ ተፈታ። የመመሪያው ችግር ግን አልተፈታም።

ክኑዝና አደገኛው ኩርባ

እስቲ አሁን ወደ ሌላ አገር እንሻገር። በ1977 አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሊቅ ዶናልድ ክኑዝ የአንድ መጽሐፉን ሁለተኛ እትም የማረሚያ ገጾች ተቀበለ። ማተሚያ ቤቱ ወደ አዲስ ቴክኖሎጂ ስለተዛወረ ገጾቹ አስቀያሚ ነበሩ። ክኑዝ «ይሄንማ እኔው ራሴ በኮምፒውተር እለቅመዋለሁ» አለ። የአንድ ዓመት ሥራ መስሎት የጀመረው አሥር ዓመት ግድም ወሰደበት። ውጤቱ «ቴክ» የተባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ነው። በ1980ዎቹ ሌስሊ ላምፖርት በላዩ «ላቴክ»ን ገነባ። ዛሬ የሒሳብና የፊዚክስ መጻሕፍትና ጥናቶች በብዛት የሚዘጋጁት በዚህ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ ምናልባት እናንተም ትገናኙታላችሁ።

ክኑዝ በ1984 ያሳተመው የቴክ መመሪያ መጽሐፍ አንድ ደስ የሚል ነገር አለው። ከባድ አንቀጾች ጎን የመንገድ ምልክት ተስሏል፤ «አደገኛ ኩርባ» የሚለው፣ ለሾፌር የሚተከለው። ምልክቱን ካየህ፣ መጀመሪያ ስታነብ ዝለለው ማለት ነው። ሁለት ምልክት ካለ ደግሞ የባሰ ኩርባ ነው። ጀማሪው «ይሄ ያልገባኝ ደደብ ስለሆንኩ ነው» ብሎ እንዳይሸማቀቅ፣ ደራሲው አስቀድሞ «ይቺ ላንተ ገና ናት» አለው። አንድ ትንሽ ሥዕል ስንቱን ሰው ከተስፋ መቁረጥ አዳነ!

ሌላም አለ። ክኑዝ በኋላ ሲጽፍ፣ መመሪያውን ራሱ ባይጽፍ ኖሮ ፕሮግራሙ ላይ ያደረጋቸው ብዙ ማሻሻያዎች ፈጽሞ ወደ አእምሮው እንደማይመጡ ተናግሯል። አንድን ነገር ለጀማሪ ማስረዳት ካስቸገረህ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ጀማሪው ላይ ሳይሆን ነገሩ ላይ ነው።

መመሪያዎች ግን የማደግ በሽታ አለባቸው። ቶቢያስ ኦቲከርና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት ታዋቂ የላቴክ መግቢያ በርዕሱ ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ይናገራል። አንዱ እትም 139 ደቂቃ ይላል፤ ቆየት ብሎ የወጣው 157። በየእትሙ አንድ ጠቃሚ ነገር ይጨመራል፤ ጀማሪው የሚሄድበት መንገድ ደግሞ በዚያው ልክ ይረዝማል። በ2020 የተጀመረው «ለርን ላቴክ» ይሄን ተምሮ ይመስላል፤ ትምህርቱን በ16 አጫጭር ክፍሎች ወስኖ፣ ተጨማሪውን ለፈለገ ለብቻው አስቀመጠ። የክኑዝን ኩርባ በሌላ መልክ መለሰው ማለት ነው።

አማርኛ በላቴክ፦ ጀማሪው የሚጠፋባቸው ሦስት ቦታዎች

አሁን ወደራሳችን። አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በአማርኛ በላቴክ ሊያዘጋጅ ተነሳ እንበል። የሚጠፋባቸውን ቦታዎች አውቃቸዋለሁ፤ እኔም ጠፍቼባቸዋለሁ።

አንደኛው፣ ዘመኑ ያልተጻፈበት መንገድ ነው። በ1990ዎቹ አባስ አላምነህ ለቴክ የግዕዝ ፎንቶች ሠርቶ ነበር። ብርሃኑ በየነ ከሃምቡርግ ባልደረቦቹ ጋር «ኢትዮፕ» የሚባለውን ፓኬጅ አዘጋጀ። በላቲን ፊደል ትጽፋላችሁ፣ ፕሮግራሙ ወደ ፊደል ይቀይረዋል። ለዘመኑ ድንቅ ሥራ ነበር። በኋላ ደግሞ ዩኒኮድን በቀጥታ የሚያነቡ እንደ ዚቴክ ያሉ ሞተሮች መጡ፤ ፊደሉን እንዳለ ጽፎ ማተም ተቻለ። ሁለቱም መንገዶች በየራሳቸው ትክክል ናቸው። ጀማሪው ግን ሁለቱንም በአንድ ቀን ያገኛቸዋል። የትኛው የአያት፣ የትኛው የልጅ ልጅ መሆኑን የሚነግረው ስለሌለ ግማሹን ከዚህ ግማሹን ከዚያ ይወስዳል። አይሠራም።

ሁለተኛው፣ የዝምታው ስሕተት ነው። የመረጣችሁት ፎንት ውስጥ የአማርኛ ፊደል ከሌለ ፕሮግራሙ አይቆምም። ገጹ ላይ ባዶ ቦታ ወይም ባዶ ሳጥን ይተውና ያልፋል። ማስጠንቀቂያው ለረጅም ዘመን የሚጻፈው ጀማሪ በማይከፍተው የመዝገብ ፋይል ውስጥ ብቻ ነበር። እኔ በዚህ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀጥቼ፣ መፍትሔው አንድ መስመር ሆኖ ሳገኘው ሳቄና ንዴቴ አንድ ላይ መጣ።

ሦስተኛው ዋናው ነው፤ የስም ችግር። ላቴክ ሲጫን መመሪያዎች አብረው ይመጣሉ፤ «ቴክስዶክ» በሚባል ትእዛዝ የፓኬጁን ስም ብትጽፉ መመሪያው ይከፈታል። ግን የፓኬጁን ስም ማወቅ አለባችሁ! ጀማሪው የሚጠይቀው «አማርኛዬ ለምን ባዶ ወጣ?» ብሎ ነው። መልሱ የተቀመጠው «ፎንት አመራረጥ» በሚል ርዕስ ሥር ነው። ጥያቄው የፎንት ጥያቄ መሆኑን ቢያውቅማ ኖሮ መጀመሪያውኑ መች ይጠይቅ ነበር?

መመሪያው በማሽኑ ክፍሎች ተደርድሯል። ጀማሪው የሚመጣው ከችግሩ ተነስቶ ነው። የኔታ ይሄን አውቀውት ነበር፤ ፊደሉን የሰየሙት ተማሪው በሚያገኝበት ቃል ነዋ።

እንግዲህ ገበታ እናዘጋጅ

ለአማርኛ ላቴክ ጀማሪ አንድ ገጽ ቢዘጋጅ እንዲህ ይመስለኛል። ከላይ ቀኑ ይጻፋል። ቀጥሎ ሦስት ነገር፣ በቅደም ተከተል፦ ዩኒኮድ የሚያነብ ሞተር ምረጡ፣ ለምሳሌ ዚላቴክ ወይም ሉዋላቴክ፤ የአማርኛ ፊደል ያለው ፎንት ስጡት፣ ለምሳሌ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ፤ ቋንቋው አማርኛ መሆኑን ንገሩት፣ ለምሳሌ ፖሊግሎሲያ በሚባለው ፓኬጅ። ከሥሩ ደግሞ በጀማሪው አፍ የተጻፉ ጥያቄዎች፦ «ባዶ ሳጥን ወጣብኝ»፤ «ብዙኃኑ ኀ የት ነው?»፤ «አራት ነጥቡ ሁለት ቦታ ተከፈለብኝ»። ለእያንዳንዱ ሁለት መስመር መልስ። የሚከብደውን በኩርባ ምልክት። ከዚያም ገጹን ፈጽሞ ለማያውቅ ሰው ስጡትና አጠገቡ ቁጭ በሉ። አትናገሩ፤ የት እንደሚቆም ብቻ ተመልከቱ። አቡጊዳ ማለት እሱ ነው።

ይሄን ማን ይሥራው? «ባለሙያዎች» እንዳትሉኝ። ባለሙያው የት እንደጠፋ ረስቶታል። ፖትከን ገበታውን ያተመው ፊደሉን በተማረ በጥቂት ዓመት ነው፤ ምን እንዳስቸገረው ገና አልረሳም። እናንተም አንድ ነገር ለመማር ሁለት ቀን ከፈጀባችሁ፣ በሦስተኛው ቀን ጻፉት። በሳምንቱ ግልጽ ይመስላችኋል፤ በወሩ «ይሄማ ማንም ያውቀዋል» ትላላችሁ። ያኔ ረፍዷል።

በነገራችን ላይ፣ ማመልከቻዬን ለመውሰድ ተመልሼ ልደታ ሄጄ ነበር። ለልጅቷ ኤችን ሁለት ጊዜ እንድትመታ ነገርኳት፤ የሷ ሰሌዳ ላይ ሠራ። «ይሄው ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። ወዲያው እስክሪብቶ አንስታ የደበዘዘው ሰንጠረዥ ጠርዝ ላይ በራሷ እጅ ጻፈችው። «ኀ» ብላ ብቻ አልጻፈችም። «ብዙኃኑ፣ የኃይሉ» ብላ ነው የጻፈችው።